ለገበሬው ዳኛ፣ ለባለሱቁ ፖስታ

ስለ ሱቅ፣ ስለ ታክሲና ስለ መኖሪያ ፈቃድ በሚጻፍበት በዚህ ዓምድ ዛሬ ስለ አሜሪካ ባለመሬትና ስለ ሣሩ መጻፋችን አንዳንድ አንባቢዎቻችንን ያስገርም ይሆናል። ነገሩ ግን ከእኛ ደጅ የራቀ አይደለም። በአዮዋና በካንሳስ ከባለመሬቶች ጋር የአፈርና የተፈጥሮ ጥበቃ ውል የሚዋዋለውም፣ ለግሮሰሪዎቻችን ፉድ ስታምፕ የመቀበል ፈቃድ የሚሰጠውና የሚነጥቀውም ያው አንዱ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ነው። ባለመሬቱ ከዚህ መሥሪያ ቤት ጋር ሲጣላ፣ ከወሰነበት ቢሮ ትእዛዝ በማይቀበል ዳኛ ፊት ቀርቦ ምስክር አስምሎ ይከራከራል። ባለሱቁ ሲጣላ ግን ደብዳቤ ይጽፋል፣ ደብዳቤ ይጠብቃል፣ ደብዳቤ ይደርሰዋል። አንዱ ቤት ሁለት በር እንዳለው ብዙዎቻችን አናውቅም። የገበሬውን በር ጠጋ ብለን ካየነው፣ ለራሳችን ምን መጠየቅ እንዳለብን ይገባናል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ውሉ ምን እንደሆነ እንይ። ኮንግረስ በ1985 ባወጣው የእርሻ ሕግ «ኮንሰርቬሽን ሪዘርቭ ፕሮግራም» የሚባለውን አቋቋመ። ባለመሬቱ በቀላሉ የሚሸረሸረውን ማሳውን ከእርሻ አውጥቶ ሣር ወይም ዛፍ ይተክልበታል፤ መንግሥት ደግሞ ከ10 እስከ 15 ዓመት ድረስ በየዓመቱ ኪራይ ይከፍለዋል። በ2007 በዚህ ውል ሥር የነበረው መሬት ወደ 36.8 ሚሊዮን ኤከር ደርሶ ነበር። ሲሰሙት ሳይሠሩ መብላት ይመስላል። ውሉን ላነበበ ሰው ግን እንዲያ አይደለም። ወፎች እንቁላል በሚጥሉበትና በሚፈለፍሉበት ወቅት ሣሩን ማጨድ ክልክል ነው። ሳያስፈቅዱ ከብት ማሰማራት ክልክል ነው። የተዘራው ሣር ሳይበቅል ቀርቶ ማሳውን አረም ቢወርሰው ባለመሬቱ ይጠየቃል። መሬቱ በውሉ ዘመን ቢሸጥና ገዥው ውሉን አልረከብም ቢል፣ ጣጣው ወደ ሻጩ ይመለሳል። (ከከተማ ወጣ ብሎ ለፍየልም ሆነ ለአትክልት መሬት ለመግዛት የሚያስብ ወገን ካለ፣ ከመፈረሙ በፊት መሬቱ እንዲህ ያለ ውል እንዳለበት ይጠይቅ።)

ውሉ ፈረሰ ከተባለ ደግሞ ቅጣቱ የወደፊቱን ኪራይ ማጣት ብቻ አይደለም። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የተከፈለው ሁሉ ከነወለዱ ይመለሳል፤ በላዩም የአንድ ዓመት ኪራይ ሩብ ያህል መቀጫ ይጨመራል። እንበልና አንድ ሰው 100 ኤከር መሬት በኤከር 60 ዶላር ተዋውሎ፣ ዘጠኝ ዓመት ከተከፈለው በኋላ ውሉ ቢፈርስበት፣ 54,000 ዶላር ከነወለዱና 1,500 ዶላር መቀጫ ክፈል ይባላል። ያውም ገንዘቡ ድሮ ለትራክተርና ለልጅ ኮሌጅ ያለቀ ነው። ጥፋቱ ቀላል ሲሆንና ባለመሬቱም በቅን ልቦና ሲሠራ የቆየ ከሆነ፣ ውሉን ከማፍረስ ይልቅ ክፍያውን መቀነስ ይቻላል። ጥፋቱ ቀላል ነው ወይስ ከባድ፣ ቅን ልቦና ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ነው እንግዲህ ሰውን ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የሚያጣላው።

የመጀመሪያውን ውሳኔ የሚሰጠው በየካውንቲው ያለው የ«ፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ» ቢሮ ነው። ከቢሮው ሠራተኛ በላይ የካውንቲ ኮሚቴ አለ፤ አባላቱ እዚያው አካባቢ በሚያርሱ ሰዎች ድምፅ የተመረጡ ገበሬዎች ናቸው። የገበሬ ማኅበርን ፍርድ ሸንጎ የሚያስታውስ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲዳኝ ጥቅሙም ጣጣውም በዚህ አገርም ያው ነው። ኮሚቴው መሬቱን ያውቀዋል፣ ዝናብ የጠፋበትን ዓመት ያስታውሳል። የባለመሬቱን አጥርና የአያቱን ጠብም እንዲሁ ያስታውሳል።

በሠራተኛው ውሳኔ ያልተስማማ ባለመሬት አስቀድሞ ኮሚቴው ዘንድ መቅረብ አለበት። ኮሚቴው ከወሰነ በኋላ ግን መንገዱ ብዙ ነው። ኮሚቴው እንደገና እንዲያየው መጠየቅ፣ ወደ ስቴቱ ኮሚቴ መውጣት፣ በስቴቱ የሽምግልና ፕሮግራም አማካይነት መነጋገር፣ ወይም ሁሉንም ትቶ በቀጥታ «ናሽናል አፒልስ ዲቪዥን» ለሚባለው ብሔራዊ ይግባኝ ሰሚ ክፍል ማመልከት ይችላል። እርጥብ መሬትንና የአፈር መሸርሸርን የሚመለከተው ሙያዊ ጉዳይ የሌላ ቢሮ፣ ማለትም የ«ናቹራል ሪሶርስስ ኮንሰርቬሽን ሰርቪስ» ነው፤ እዚያም ባለመሬቱ ውሳኔው ከመጽናቱ በፊት ባለሙያው ማሳው ድረስ መጥቶ በዓይኑ እንዲያይለት የመጠየቅ መብት አለው።

ወጥመዱ ያለው ቀኑ ላይ ነው። ለብሔራዊው ይግባኝ ሰሚ ለማመልከት የተሰጠው ጊዜ ውሳኔው ከደረሰበት ዕለት ጀምሮ 30 ቀን ነው። ባለመሬቱ ሽምግልና ሲጠይቅ ቆጠራው ባለበት ይቆማል እንጂ እንደ አዲስ አይጀምርም። በ25ኛው ቀን ሽምግልና የጠየቀ ሰው፣ ሽምግልናው ከሦስት ወር በኋላ ሳይሳካ ሲቀር በእጁ የሚቀረው 5 ቀን ነው። ደግሞም ማመልከቻውን ባለመሬቱ ራሱ በእጁ መፈረም አለበት፤ የጠበቃው ፊርማ ብቻውን አይበቃም።

አሁን ወደ ችሎቱ እንግባ። ሕጉ ችሎቱ ማመልከቻው በደረሰ በ45 ቀን ውስጥ እንዲሰማ ያዛል። ቦታው ባለመሬቱ የሚኖርበት ስቴት ነው፤ ወደ ዋሽንግተን ና አይባልም። በአካል መቅረብ ካልፈለገ በስልክ፣ እሱንም ካልፈለገ በመዝገቡ ብቻ እንዲታይለት መምረጥ ይችላል። ከችሎቱ በፊት ዳኛው ሁለቱን ወገኖች በስልክ አገናኝቶ የሚያጣላቸው ነጥብ የትኛው እንደሆነ ያጣራል። መሥሪያ ቤቱ የወሰነበትን ፋይል ለባለመሬቱ ያሳያል። በችሎቱ ላይ ምስክር ይምላል፣ የሚነገረው ሁሉ ይቀረጻል፣ አልመጣም ያለ ምስክር በመጥሪያ ሊጠራ ይችላል። ጠበቃ ማቆም ግዴታ አይደለም፤ ልጁም ሆነ ጎረቤቱ በጽሑፍ ከተወከለ ይናገርለታል። ዳኛው ከአንዱ ወገን ጋር ተነጥሎ ስለ ጉዳዩ እንዳይነጋገር ተከልክሏል። ኮሚቴው «ደርሼበታለሁ» ያለውን ሁሉ እንደ ሐቅ የመቀበል ግዴታም የለበትም፤ አዲስ ማስረጃ ይሰማል። ችሎቱ ካበቃ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ መስጠት አለበት። በዚያም ያልረካ ወገን ወደ ክፍሉ ዳይሬክተር ይግባኝ ይላል። ዳይሬክተሩ ለስድስት ዓመት የሚሾም፣ ከግብርና ሚኒስትሩ በቀር ማንም የማያዘው ሰው ነው። ከእሱ በኋላ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ ይህን ሁሉ ደረጃ ሳይጨርስ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው ግን ይመለሳል።

በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ትልቁ ነገር ቀኑም ዳይሬክተሩም አይደለም። «ውልህን አፍርሰሃል» ብሎ የጻፈው የቢሮ ሠራተኛ ራሱ መጥቶ፣ ባለመሬቱ ፊት ተቀምጦ፣ «መቼ ነው ማሳውን ያየኸው? ስንት ደቂቃ ቆየህ? ፎቶው የተነሣው በየትኛው ወር ነው?» ተብሎ የሚጠየቅ መሆኑ ነው። ወረቀት አይደነግጥም፤ ሰው ግን ሲጠየቅ ያውቃል ወይም አያውቅም።

ይህን ስል የገበሬው ችሎት እንከን የለሽ ነው ማለቴ አይደለም። የማስረዳት ሸክሙ የባለመሬቱ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ትክክል መሆኑን እንዲያስረዳ አይጠየቅም፣ ባለመሬቱ ነው ስሕተት መሆኑን የሚያስረዳው። ዳኛው ደንቡን ሊሽር አይችልም፤ «ደንቡ ራሱ ክፉ ነው» የሚል ክርክር ተቀባይነት የለውም። የቢሮው ሰው በቃል «እጨድ፣ ግድ የለም» ብሎት በቅን ልቦና ያጨደ ገበሬ ምሕረት የሚገባው ቢሆንም፣ በይግባኝ ሰሚው ውስጥ ያንን ምሕረት ሊሰጥ የሚችለው ዳይሬክተሩ እንጂ ችሎቱን የሰማው ዳኛ አይደለም። በዘር ምክንያት ተበደልኩ የሚል አቤቱታም ለሌላ ቢሮ የሚቀርብ ነው፤ ያ በር ደግሞ ለጥቁር ገበሬዎች ምን ያህል ጠባብ እንደነበረ በ1999 በስምምነት የተዘጋው የ«ፒግፈርድ» ክስ ለዓለም አሳይቷል።

ችሎቱም ይሳሳታል። በኢንዲያና አንድ ባለእርሻ በ1990ዎቹ ዘጠኝ ዛፍ በመቁረጡ፣ መሥሪያ ቤቱ «2.8 ኤከር እርጥብ መሬት ለውጠሃል» አለው። ይህ የውል ክርክር ሳይሆን ከእርሻ ድጋፍ የሚያስወጣ የእርጥብ መሬት ክስ ነው፤ የሚሄደው ግን በዚያው መንገድ ነው። ሰውየው ሞተ፤ ሚስቱ ክርክሩን ቀጠለች። ብሔራዊው ይግባኝ ሰሚ ለመሥሪያ ቤቱ ፈረደ፣ የመጀመሪያው ፍርድ ቤትም እንዲሁ። በ2019 የሰባተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት መሥሪያ ቤቱ የገዛ ደንቡን አልተከተለም፣ ማስረጃዋንም በወጉ አላየም ብሎ ፈረደላት። ለዘጠኝ ዛፍ ከሃያ ዓመት በላይ! ይሁንና መርሳት የሌለብን ነገር አለ። ያቺ መበለት በመጨረሻ ልትረታ የቻለችው ምስክርነቱና ማስረጃው በመዝገብ ላይ ሰፍሮ ስለቆያት ነው።

ገበሬው ይህን በር ያገኘው ማንም ስላዘነለት አይደለም። በ1980ዎቹ የእርሻ ቀውስ ጊዜ ለገበሬ የሚያበድረው «ፋርመርስ ሆም አድሚኒስትሬሽን» የተበዳሪዎቹን ገንዘብ ያግድ፣ ንብረታቸውንም ይወስድ ነበር። ይግባኝ የሚሰማውም የዚያው ቤት ሰው ነበር። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፣ ውጤቱ የታወቀ ነው። በሰሜን ዳኮታ ዘጠኝ ገበሬዎች ሣራ ቮገል የተባለችውን ወጣት ጠበቃ ይዘው ከሰሱ። በ1983 የፌዴራሉ ዳኛ ብሩስ ቫን ሲክል ገበሬው አስቀድሞ እንዲነገረውና በገለልተኛ ሰው ፊት እንዲሰማ አዘዘ። «ኮልማን እና ብሎክ» የሚባለው ይህ ክስ በኋላ መላ አገሪቱን ያዳረሰ ሆነ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ ኮንግረስ ግብርና ሚኒስቴርን እንደገና ሲያደራጅ በየቢሮው ተበታትኖ የነበረውን ይግባኝ ሰብስቦ ከየቢሮዎቹ ትእዛዝ ነጻ በሆነ አንድ ክፍል ሥር አደረገው። በ1997 ደግሞ የስምንተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ መሥሪያ ቤቱ በቂ ምክንያት ሳይኖረው ተከራክሮ ከተረታ ለገበሬው የጠበቃ ወጪ ሊከፍል ይችላል ብሎ ወሰነ።

አሁን የራሳችንን በር እንይ። ፉድ ስታምፕ ከ2008 ወዲህ ስሙ ስናፕ ሆኗል፤ እኛ ግን የድሮውን ስም አልተውንም። ፈቃዱን የሚቆጣጠረው «ፉድ ኤንድ ኒውትሪሽን ሰርቪስ» ነው። ዛሬ ብዙ ክስ የሚነሣው መርማሪ ሱቅ ገብቶ ሳይሆን የኢቢቲ ካርድ ግብይት በኮምፒዩተር ተመርምሮ ነው። «በአንድ ቀን ከአንድ ካርድ ሁለት ጊዜ ተከፍሏል፤ ለዚህ ስፋት ሱቅ ሂሳቡ በዝቷል» የሚል የቁጥር ዝርዝር ከክስ ደብዳቤ ጋር ይመጣል። ጤፍ በከረጢት፣ በርበሬ በኪሎ፣ ሥጋ ለክርስትና ድግስ እንደሚሸጥ ኮምፒዩተሩ አያውቅም። ባለሱቁ መልስ ለመስጠት ያለው 10 ቀን ነው። ፈቃዱ ከተሰረዘ በኋላም ድጋሚ እንዲታይለት ለመጠየቅ ያለው ሌላ 10 ቀን ነው። የሚያየውም የዚያው ኤጀንሲ ሰው ነው። ክሱን የጻፈው ሠራተኛ ተጠርቶ፣ ምሎ፣ የሚጠየቅበት ችሎት የለም።

ካርድ በጥሬ ገንዘብ ለውጠሃል የተባለ ሱቅ ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን የዕድሜ ልክ ነው። እሱም ደብዳቤው ከደረሰበት ዕለት ጀምሮ ይሠራል፤ ይግባኝ አያስቆመውም። ይባስ ብሎ፣ ባለሱቁ በኋላ ቢረታ እንኳ በመካከሉ ላጣው ሽያጭ መንግሥት ተጠያቂ እንደማይሆን በሕጉ ላይ በግልጽ ተጽፏል። የገበሬው ሣር እስኪፈረድ ድረስ ይጠብቃል። የባለሱቁ ደንበኛ ግን አይጠብቅም፤ ማዶ ወዳለው ሱቅ ይሄዳል።

እውነቱን ለመናገር በአንድ ነገር ባለሱቁ ይሻላል። ከመጨረሻው ውሳኔ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ቢሄድ፣ የፌዴራሉ ዳኛ ጉዳዩን እንደ አዲስ ይሰማዋል። የገበሬው ፍርድ ቤት ግን በአብዛኛው የተዘጋጀውን መዝገብ ይመረምራል። በወረቀት ላይ ይህ ትልቅ መብት ነው። ግን ስንቱ ባለሱቅ ነው ገቢው ግማሽ በግማሽ በወደቀበት ወር ለፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቃ የሚከፍለው? ገበሬው ጠበቃ ሳያቆም ዳኛ ፊት ይደርሳል፤ እኛ ዳኛ ፊት የምንደርሰው ጠበቃ መክፈል ከቻልን ነው።

ፉድ ስታምፕ የሚነግድ የለም ማለት አይቻልም። ካርድ በግማሽ ዋጋ እየገዙ የድሀ ልጅ ምግብ የሚበሉ አሉ፤ ያሳፍራል፣ ቅጣትም ይገባቸዋል። መንግሥትም ፈጥኜ ካልዘጋሁ ገንዘቡ ያልቃል ቢል ምክንያት የለውም አንለውም። ነገር ግን በውል ተይዞ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበለው ገበሬም የሚያጭበረብር አይጠፋውም፤ እሱ ግን ዳኛ ተሰጥቶታል።

የታክሲ ባለቤቶቻችን ይህ ሊሆን እንደሚችል ያውቃሉ። በኒውዮርክ የታክሲና ሊሞዚን ኮሚሽን ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ችሎት ባለቤት ነበር፤ በ2011 ችሎቱ ከኮሚሽኑ ወጥቶ ለከተማው የአስተዳደር ችሎት መሥሪያ ቤት ተሰጠ። በዋሽንግተን ዲሲም በ2001 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የአስተዳደር ችሎት ቢሮ ከ2004 ጀምሮ የብዙ መሥሪያ ቤቶችን ክርክር ይሰማል። ሰማይ አልወደቀም።

የስናፕ ፈቃድ ያለው ሁሉ እስከዚያው ድረስ ጥቂት ነገር ያድርግ። ደብዳቤ ሲደርስ ፖስታውን አይጣል፤ የደረሰበትን ቀን ይጻፍበት። 10 ቀኑ የሚሮጠው ለዕረፍት አገር ቤት የሄደውን ባለቤት ሳይጠብቅ ነውና፣ ሲሄድ ደብዳቤ የሚከፍት ሰው ይተው። የጅምላ ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ፤ በኮምፒዩተር ቁጥር ለሚመጣ ክስ የሚሆነው መልስ ምን ያህል ዕቃ ገዝተህ እንደሸጥህ የሚያሳይ ወረቀት ነው። ሠራተኛ ስለ ካርዱ ሕግ መሠልጠኑን በጽሑፍ ይያዝ፤ ከዕድሜ ልክ ዕገዳ ይልቅ በገንዘብ መቀጫ ለመታለፍ የሚጠየቀው ይህ ነው፣ ጥያቄውም በመጀመሪያው 10 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ደግሞ ዱቤ! የጎረቤት ዱቤ በካርድ መቀበል በእኛ ዘንድ ደግነት ነው፤ በደንቡ ግን ሱቅን የሚያሳግድ ጥፋት ነው።

ጥያቄያችን አጭር ነው። የ1994ቱ ሕግ በብሔራዊው ይግባኝ ሰሚ ሥር የሚታዩትን የግብርና ሚኒስቴር ቢሮዎች በስም ይዘረዝራል። ፉድ ኤንድ ኒውትሪሽን ሰርቪስ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስሙ ይጨመር። 10 ቀኑ እንደ ገበሬው 30 ይሁን። የዕድሜ ልክ ዕገዳም ችሎት ሳይሰማ አይጽና። የባለመሬቱ ውልና የባለሱቁ ካርድ የሚታደሱት በዚያው በአንዱ የእርሻ ሕግ ነው፤ ሕጉን የሚያረቁትም የሁለቱ ምክር ቤቶች የግብርና ኮሚቴዎች ናቸው። የኮሚቴዎቹ አባላት ብዙዎቹ ከገበሬ አገር የመጡ ስለሆኑ ገለልተኛ ችሎት ምን እንደሆነ አስረዱን አይሉም። የባለሱቆች ማኅበር ያለበት ከተማ በማኅበር፣ የሌለበት ደግሞ አምስት ስድስት ሱቅ ሆኖ ለኮንግረስ ተወካዩ ቢሮ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፍ፤ በደብዳቤውም ላይ «ናሽናል አፒልስ ዲቪዥን» የሚለውን ስም ሳይረሳ ይጥቀስ።